ያልተመለሰው ሰው ጃኬት

የበረራ ጃኬት መሰብሰብ የጀመርኩት ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። ልጅ የለንም። ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ ስለነበር ቀኑ አልገፋ ሲለኝ አዋሳ ውስጥ ከባህል አዳራሽ እስከ ገበያ በእግሬ እየሄድኩ ሰልባጅ ልብስ አያለሁ። አንድ ቀን ከክምሩ መሀል አንገትጌው የበግ ፀጉር የሆነ፣ ደረቱ ላይ የክንፍ ምልክት የተሰፋበት የቆዳ ጃኬት አገኘሁ። ሻጩ የድሮ አየር ኃይል ልብስ መሆኑን እንጂ የማን እንደነበር አያውቅም። ወስጄ የባለቤቴ ቀሚሶች በነበሩበት ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት።

ከዚያ እየጠየቅሁ ሌሎችም አገኘሁ። አንዱን የሰጡኝ የሟች አብራሪ ሚስት ናቸው፤ ሌላውን ዕቃውን ሸጦ ወደ ልጁ ሊሄድ የተነሳ ጡረተኛ። እውነቱን ለመናገር ከጃኬቱ ይበልጥ የምፈልገው ሰው ቤት ገብቶ መቀመጡንና ወሬውን ነበር።

ሐይቅ ዳር አንድ የድሮ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን መንገድ መሪ፣ ናቪጌተር የነበሩ ሰው እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ። ብቻቸውን በአንዲት ክፍል የሚኖሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አንድ የጨርቅ የበረራ ጃኬት ከአልጋቸው ራስጌ ተሰቅሏል። ይሰጡኝ እንደሆነ ስጠይቃቸው የእሳቸው አለመሆኑን ነገሩኝ።

በሶማሌ ጦርነት ጊዜ አንድ ጠዋት ወባ ጥሏቸው ነበር። በእሳቸው ተራ በአንድ ክፍል አብሯቸው የሚያድር ጓደኛቸው፣ የዚሁ የአዋሳ ልጅ፣ ሊበር ተነሳ። የእሱ ጃኬት ታጥቦ ገና አልደረቀም ነበርና የእሳቸውን ለብሶ ሄደ። አውሮፕላኑ አልተመለሰም። እርጥቡ ጃኬት ገመድ ላይ ቀረ።

መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ጃኬቱን ለእናቱ ለማስረከብ እዚህ መጡ። እናትየው ሞተው ነበር፤ ትንሿ እህቱንም ዘመድ ወደ ዲላ ወስዷታል ተባሉ። ሆቴል ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ አግኝተው እዚሁ ቀሩ።

"ዲላ ሄደው አልፈለጓትም ጋሼ?" አልኳቸው።

"ባገኛትስ ምን እላታለሁ?" አሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። በዚያው ሰሞን እናትየው ይኖሩበት በነበረው ሰፈር ያለውን ዕድር ጠየቅሁ። እህትየው ከዲላ ከተመለሰች ቆይታለች፤ እዚሁ ፒያሳ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባንኳኳም አልከፈቱልኝም። በሩ ላይ ቆሜ ከውስጥ ሲያስሉ እሰማለሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጃኬቱን በፌስታል ይዘው ራሳቸው ደጄ መጡ። አብረን ወደ እህትየው ሱቅ ሄድን።

እህትየው ፀጉሯ የሸበተ፣ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ማን እንደሆኑ ሲነግሯት አላለቀሰችም። ጃኬቱን ገልብጣ ገበሩ ላይ ያለውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች።

"ይህን ማን ነው የሰፋው?" አለች።

"እኔ ነኝ። ሲያረጅብኝ ጊዜ።"

"አበላሽተውታል" አለች፤ ግን ስፌቱን አልፈታችውም። ወንድሟ ሲሞት ልጅ ስለነበረች መልኩን ከፎቶግራፍ እንጂ እንደማታስታውስ ነገረችን። ከዚያ ጃኬቱን እንደያዘች፣ "ያን ቀን ፈርቶ ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ሻይ አጠጣኝ። 'ያንተን ልልበስ፣ የኔ አልደረቀም' አለኝ። እሱ አልፈራም። የፈራሁት እኔ ነኝ፤ ሲወጣ ደስ አለኝ።"

መቀመጫ ሳበችላቸው። ጃኬቱን አጥፋ ከሌሎቹ ጨርቆች ለይታ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠች፤ ስንወጣም እስከ በሩ ሸኘችን።

በባጃጅ ተመለስን። ቤታቸው ስንደርስ ከመውረዳቸው በፊት፣ "ክፍሌ ውስጥ ከጃኬቱ ጋር ሁለት ነበርን" አሉኝ።

አሁንም ቅዳሜ እሄዳለሁ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገው ይቀመጣሉ፤ እኔም አጠገባቸው። አንዳንዴ ስለ እህትየው ይጠይቁኛል፤ ደህና ናት እላለሁ። አብረን ሄደን እንያት ስላቸው ግን ሌላ ጊዜ ይላሉ። አንድ ቀን፣ ባዶውን ግድግዳ አይቼ፣ ከእኔ ጃኬቶች አንዱን ላምጣልዎ አልኳቸው።

"ተወው ልጄ" አሉኝ። "እነዚያን የለበሱትን ሰዎች አላውቃቸውም።"

እኔም አላውቃቸውም። ቤቴ ገብቼ ራት አሞቅሁና ቆሜ በላሁ።