ሻላዎቹ ሲነሱ

አዳማ ገበያ ውስጥ የጥሬ ዓሣ ሽታ ሲመጣብኝ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልጅ ሳለሁ፣ በጥር፣ አባቴ ሻላ የሚባሉትን ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ሊያሳየኝ ቆቃ ሐይቅ ወሰደኝ። እሱ መረቡን ሊያነሳ እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ገባ፤ እኔ ዓሣ ከሚያጸዱት ከእትዬ አስካለ ጋር ዳር ላይ ቀረሁ።

ድንገት ወፎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሱ። «አባ!» ልል ስል እትዬ አስካለ በእርጥብ መዳፋቸው አፌን አፈኑኝ።

«ዝም በይ፣ የኔ ልጅ! ወፍ ሲነሳ ሰው አይጠራም። ከሥር ያለው ይሰማል።»

ከሥር ያለው አዞ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ ቀስ ብሎ ወጣ። «ሲበሩ አየሽ?» አለኝ እየሳቀ። መረቡን ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ትቶት ነበር።

ዛሬም አባቴ ቆቃ ወርዶ ስልኩን ካላነሳ ደግሜ አልደውልም።