ከረሜላ የጎረሱት ሽማግሌ

መምህር ማናሴ ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ አረፈ፤ ድካሙ ወደ ሰፈራችን ተዛወረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ አዳማ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ግጥሙን ሳይሆን ግጥሙ ውስጥ ያለው ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው። ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ገጣሚ የወጣ እስካሁን አልሰማንም። አንድ ቀን ቢወጣ ግን፣ የጻፈው ነገር ስሙ ማን እንደሆነ የሚነግሩት አብሮ አደጎች ሞልተውለታል።

ጡረተኛ መምህር ጥቁር ሰሌዳ የለውምና ያገኘውን ይጠቀማል። ከባጃጅ ጀርባ የሚለጠፉትን ጥቅሶች ቆመው ያነባሉ። ተሳፋሪ የሚጠብቀውን ሾፌር፣ በዣንጥላቸው ጫፍ ጽሑፉን እየነኩ፣ «ቤት አይመታም፤ ሁለተኛው ስንኝ ደግሞ አንድ ቀለም ይጎድለዋል» ይሉታል። ሾፌሮቹ እሳቸውን ሲያዩ ሳይሞሉ መነሳት ጀመሩ። አሁን አሁን የቸኮለ ሰው ባጃጅ ሲፈልግ መምህር ማናሴ የቆሙበትን ይጠይቃል።

ነፋስ ሲነሳም እንዲሁ ነው። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ ከገመድ ላይ ልብስ ለመሰብሰብ ስንሮጥ፣ እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው፣ «ነፋሱ ተቆጣ አላችሁ? ሰውኛ ይባላል። ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ መስጠት ነው» ይሉናል። አንሶላችን ሦስተኛ ግቢ ገብቶም ማብራሪያው አያልቅም።

ለቅሶንም አይምሩም። የወይዘሮ ሽታዬ ባል የሞቱ ለት፣ ሚስቲቱ ሳጥኑ ላይ ተደፍተው «ምነው ዝም አልከኝ? ተነስና አናግረኝ እንጂ!» እያሉ ሲያነቡ፣ መምህር አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው፣ በቀስታ የተናገሩ መስሏቸው፣ «ይኼ እንቶኔ ነው፤ የሌለን ሰው እንዳለ አድርጎ ማነጋገር» አሉ። ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። ከሁላችን የታደለው ሟቹ ነበር።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። እህታቸው ስትሞት ትታው የሄደችውን ኤባን ወስደው ያሳደጉ፣ ለእሱ ሲሉ ሚስት ሳያገቡ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ለእሱ ሲሉ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶች ሌላ ምክንያት አለን። ኤባ አድጎ ዱከም ፋብሪካ ገባ። ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ከመሸ ይመጣል። የወደዳት ልጅ አያንቱ ትባላለች፤ ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። አባቷ አቶ ጎበና ከመቂ ሽንኩርት እያመጡ የሚያከፋፍሉ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው።

ለሽምግልና ሦስት ሰው ተመረጠ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ መርዳሳ፣ ሐጂ ኢሕሳን፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሳቸው መምህር ማናሴ። ልጁን ያሳደገ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ወሬ ቢጠብቅ ይሻለው ነበር፤ መምህር ግን ያን የመሰለ ንግግር ሌላ ሰው ሲያበላሸው ማየት አልፈለጉም። ስለዚህ ራሳቸው ሄዱ።

እኔ የዚያን እሁድ ጠዋት አቶ ጎበና ቤት ጓዳ ውስጥ ድፎ ዳቦ እቆርሳለሁ። መጋረጃው ሳሳ ያለ ነው፤ ሆን ብዬ የሰማሁት ነገር የለም።

«አካም ቡልታን?» አሉ አቶ ጎበና፣ እንዴት አደራችሁ ሲሉ በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ነጋ» ብለው ሰላም መሆኑን መለሱ አቶ መርዳሳ።

«ድግግሞሽ» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ቀጥሎ የሐጂ ኢሕሳን ጫማ የሰው ጫማ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ መርዳሳ፣ እንደ ወጉ። «ልጅዎን አያንቱን ለልጃችን ለኤባ ልንለምን ነው። ልጃችን ማር ነው።»

«ተለዋጭ ዘይቤ…» ጫማው እንደገና አረፈ።

አቶ ጎበና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ትንሽ ያዝናል፣ ትንሽ ይኮራል፣ ለሌላ ቀን ይቀጥራል፤ ያ ነው ወጉ። «እናቷ ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት የቆመው በዚች ልጅ ነው» አሉ። «እሷን ከቤቴ ባጣ እንባዬ አዋሽን ይሞላዋል።» ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

«ግነት!» አሉ መምህር ማናሴ።

ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ተማሪ ድንገት እጁን አውጥቶ የመለሰላቸው ነበር የሚመስሉት።

«ምን አሉኝ?»

«ግነት ነው አቶ ጎበና። ያውም ግሩም ግነት! ነገርን ከልኩ አሳልፎ መናገር ማለት ነው። እንባ ወንዝ አይሞላም። አዋሽንማ ጭራሽ፤ ቆቃ ላይ ተገድቧል።»

«በገዛ ቤቴ ዋሸህ ነው የሚሉኝ?»

«የለም፣ የለም! ውሸትማ ሌላ ነው። ውሸት አድማጩ እንዲያምን ነው። በግነት ጊዜ ግን ተናጋሪው ራሱም አያምነውም።»

«ያ አላህ» አሉ ሐጂ ኢሕሳን።

አቶ ጎበና በሩን በእጃቸው አሳዩ። «ደህና ዋሉ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቀጠሮ አልሰጡም። ሽማግሌ ያለ ቀጠሮ ከተሸኘ ነገሩ አልቆለታል። ሦስቱም ሳይቀመጡ እንደቆሙ ወጡ። ዳቦውን ሰሞኑን ሙሉ እኔና አቶ ጎበና በላነው፤ እሳቸው እየተቆጡ፣ እኔ እያኘክሁ።

ኤባ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከሥራ መጥቶ ወሬውን ሲሰማ ቦርሳውን እንኳ አላወረደም።

«ጋሼ፣ አንድ ጠዋት ዝም ማለት ያቅትዎታል?»

«እኔ ምን አልኩ? ስሙን ነው የነገርኳቸው።»

«አያንቱ ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም። ቁርጡን ነግራኛለች። ገባዎት? በቃ፣ ቀረች!»

መምህር አልመለሱም። ኤባ እንደሚለው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለዚህም ስም እንዳላቸው ግን እጠረጥራለሁ።

አያንቱ አባቷን ለመለመን ከላንጋኖ እየተመላለሰች ከረመች። አንዴ አለቀሰች፣ አንዴ አኮረፈች፣ አንዴ የሚወዱትን ዓሣ ይዛ መጣች። ዓሣው ሳይሆን አይቀርም የረዳት። አቶ ጎበና እየበሉ፣ «ይምጡ» አሉ። «መምህሩም ይምጡ። ልጁን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ የማናግረው እሳቸውን ነው። ግን እዚህ ቤት ለተነገረ ነገር ስም ያወጡ ለት፣ ከዚያ ወዲያ የሽማግሌ ጥላ በደጄ እንዳያልፍ!»

ሽማግሌዎቹ መከሩ። ሐጂ ኢሕሳን አፋቸው ላይ የቁስል ፕላስተር ይለጠፍባቸው ብለው ነበር። አቶ መርዳሳ ግን እድሩን የሚመሩ ትልቅ ሰው ናቸውና የተሻለ ሐሳብ አመጡ፤ ቶሎ የማይሟሟ ደረቅ የሚንት ከረሜላ። መምህር ማናሴ ያን ዕለት አንድ ጉንጫቸው አብጦ፣ ጥርስ ያመመው ሰው መስለው ገቡ። እንደ ወጉ ከሁለቱ ጋር ቆመው፣ ለሰላምታው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

አቶ ጎበና ደስ ብሏቸዋል። ሽንኩርት ነጋዴ ናቸውና ሰው ማስለቀስ ያውቁበታል።

«ልጄ ገና ጨቅላ ናት» ብለው ጀመሩ። ጨቅላዋ ሠላሳ ሊሞላት ተቃርቧል፤ ጓዳ ውስጥ አጠገቤ ሆና አፏን በእጇ አፍና ብርጭቆ ትደረድራለች።

ከወዲያ የከረሜላ ድምፅ ተሰማ፤ ቀርጨጭ።

«ፀሐይ እንኳ እሷን ሳታስፈቅድ አትወጣም» አሉ አቶ ጎበና፣ መምህርን አፍጥጠው እያዩ።

በመጋረጃው ቀዳዳ መምህርን አየኋቸው። ፊታቸው በርበሬ መስሏል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሐጂ ኢሕሳን ከኪሳቸው ሁለተኛ ከረሜላ አውጥተው እጃቸው ውስጥ ሸጎጡላቸው።

«ስትስቅ ደግሞ የመቂ መስክ ሁሉ አብሯት ይስቃል!»

ሰውኛ! እኔ እንኳ አወቅሁት፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መምህር ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ጣሪያውን ያያሉ። 

አቶ ጎበና ተሸነፉ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሺ መምህር። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

መምህር ከረሜላውን ዋጡት፤ ጎዳቸው መሰለኝ ደረታቸውን ያዙ። አንድ የተዋበ ንግግር ይመጣል ብለን ጠበቅን።

«ማታ ከዱከም ሲመጣ ጫማውን ውጭ ያወልቃል» አሉ። «እንቅልፌ ቀላል ነው። በካልሲ ገብቶ ራቱን ቀዝቃዛውን ይበላል፤ ድስት እንዳይንኳኳ ብሎ። ጠዋት 'አሙቀህ በላህ?' ስለው 'አዎ ጋሼ' ይለኛል። እኔ ግን ነቅቼ ነው የምሰማው። ይኸው ነው።»

 አያንቱ ብርጭቆ መደርደሯን አቆመች።

«ይኼስ?» አሉ አቶ ጎበና ቀስ ብለው። «ይኼ ምን ይባላል?»

አቶ መርዳሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐጂ ኢሕሳን እግራቸውን አነሱ። የመምህር ከንፈር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ።

«ስም የለውም» አሉ።

«እንግዲያው ተቀመጡ።»

ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅ ተሰጠ ማለት ነው። እኔ ዳቦውን ይዤ ስወጣ አያንቱ ከኋላዬ ነጠላዬን ይዛ ታለቅስ ነበር፤ እንባዋ ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ አዋሽን ግን አይሞላም።

አቶ መርዳሳ እንደነገሩኝ፣ በባጃጅ ሲመለሱ መምህር ብዙ መንገድ ድረስ አልተናገሩም። የጉንጫቸው እብጠት ጠፍቷል፤ አንድ ነገር ግን አሁንም አፋቸው ውስጥ ይዘው ነበር። ቤታቸው ሲደርሱ አላስቻላቸውም።

«ስምማ አለው» አሉ ከባጃጁ እየወረዱ። «ያውም ሦስት ዓይነት ነው። ሠርጉ ይለፍና ጠይቁኝ።»

ሠርጉ ጥር ላይ አለፈ። መምህር ማናሴ መንገድ ላይ ባገኙን ቁጥር ቆም ብለው ዓይን ዓይናችንን ያያሉ። እስካሁን የጠየቃቸው የለም።