ድምፅሽ በሰለ ያሉኝ ጊዜ

መጀመሪያ የከዳኝ ላይኛው ድምፄ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ልማዴ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ፣ ጭንቅላቴን ከተሰቀሉት ቀሚሶቼ መሀል ከትቼ፣ ክራሬን ታቅፌ ዘፈን እየቀዳሁ ነበር። ነጌሌ ላይ የባጃጅና የቆርቆሮ ጩኸት ሳይገባበት መቅዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ የለም። አዝማቹ ላይ ስደርስ ድምፄ ወደ ላይ አልወጣ አለ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት፤ ተሰነጠቀ። አሁንም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሰለቸኝና፣ ምን አባቱ ብዬ፣ እንደተሰነጠቀ ለጓደኞቼ ለቀቅኩላቸው።

ወደዱት! "ዘኒ፣ ድምፅሽ እኮ በሰለ!" አለኝ ሙሉጌታ፤ ያቤሎ ላይ ፀጉር ቤት ያለው፣ ደንበኛ ሲጠፋ ኪቦርድ የሚነካካው ጓደኛችን። ሌላው ደግሞ "አሁን ገና ዘፋኝ ሆንሽ" አለ። አመንኳቸው። ለምን አላምን? አርባ ዓመቴን እስክሻገር እንዲያ ያሞገሰኝ ሰው አልነበረም። ያን ሳምንት መሥሪያ ቤት ፋይል ስደረድር እያንጎራጎርኩ ሰነበትኩ።

ስለ ግሩፓችን ካልነገርኳችሁ የሕመሜ ግማሹ አይገባችሁም። ስልክ ላይ የተሰባሰብን፣ ቤታችን ዘፈን የምንሠራ ሰዎች ነን። ዘፈን እንጀራው የሆነ አንድም ሰው የለብንም። የግሩፑ ስም ቅብብል ነው። ስሙን ያወጡት ኦቦ ጂሎ ናቸው፤ ዱብሉቅ ላይ ከብት የሚያረቡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው። እዚያ ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው፤ አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበሉታል፣ ከብቶቹም ዘፈኑን ሰምተው ይመጣሉ። የእኛም ደንብ ከዚያ የተወሰደ ነው። አንድ ሰው ዘፈን ሲለቅ የሰማ ሁሉ አዝማቹን በገዛ ድምፁ ቀድቶ ይመልሳል። ልብ መላክ ክልክል፣ አውራ ጣት ክልክል፣ ጽሑፍማ ወዲያው ይጠፋል። "ባልዲ ሲሰጡህ ትቀበላለህ። ባልዲው ቆንጆ ነው አትልም" ይላሉ ኦቦ ጂሎ። ከተቀበልክ በኋላ ግን የፈለግከውን አውራ።

ለእኔ ቤተሰቤ ይሄ ነበር። ወላጆቼ ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ ወለዱኝ፣ እዚሁም ተቀበሩ። ወንድሜ ሐዋሳ ነው። እኔ አላገባሁም። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ሰው መጥቶ "ፋይሉ የታለ?" ይለኛል፣ እሰጠዋለሁ፣ ይሄዳል። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ግን የማላውቃቸው ከተሞች ውስጥ ያሉ ሰዎች የእኔን አዝማች ሲዘፍኑ እሰማለሁ።

ድምፄ ከሻከረ በኋላ ሳል መጣ። ከዚያ ምራቅ ስውጥ ማመም። ከዚያ አንሶላዬ በላብ ርሶ መንቃት ጀመርኩ። ቀሚሶቼ ሰፉብኝ። ቶንሲል ነው ብዬ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዛሁ፤ ጨረስኩ፤ ደገምኩ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። መዝፈኑን ግን አልተውኩም፤ ድምፄ በሻከረ ቁጥር ምስጋናው እየበዛ ሄደ። ያላመሰገኑኝ ኦቦ ጂሎ ብቻ ናቸው። አዝማቹን ተቀብለው ሲጨርሱ "ዘነበች፣ ይሄ ድምፅ ያንቺ አይደለም። ላም እንዲህ ስትጮህ እኛ ዝም ብለን አናይም" አሉኝ። ከላም ጋር አወዳደሩኝ ብዬ ተቀየምኳቸው! ለቦረና ሰው ከዚያ የሚበልጥ ማሰብ እንደሌለ ዘንግቼ።

አንድ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። እንደምን አደራችሁ ልል አፌን ከፈትኩ። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከርኩ። ምንም የለም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት። "ድምፅሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ዘፈኖቼን ከፈትኩላት። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ በተርታ አዳመጠች። አንዱ ላይ አቆመችውና "እዚህ ጋ ጀምሯል። ማንም አልነገረሽም?" አለች። "አመሰገኑኝ" ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሳሁ። ሐዋሳ ተልኬ ላሪንጎስኮፒ ተደረገልኝ፤ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮን የሚያይበት ምርመራ ነው፤ ይቆረቁራል እንጂ አያምም፣ አትፍሩት። ውጤቱን ይዤ ነጌሌ ተመለስኩ። ቲቢ ነው። ሳንባዬ ላይ ነበረ፤ ላሪንክሴ ላይም፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ወጥቷል።

"ይድናል" አለችኝ ሐኪሟ። "መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ይድናል። ስለ ድምፅሽ ግን ቃል አልገባልሽም። እኔ እስክፈቅድልሽ አትናገሪ። አትንሾካሾኪም፤ እሱ ይብሳል።" ዓይኔን አየችና ያልጻፍኩትን ጥያቄ መለሰችልኝ። "ዘፈን ጭራሽ።"

የጉሮሮ ቲቢ ቶሎ ይተላለፋል። ማስክ አደረግኩ። መስኮት ከፈትኩ። ሥራ ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊት መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንቴን ብርቱካናማ አደረገው። ሆዴ ይገለበጣል። የቢሮ ጓደኞቼ ተመርምረው ነጻ ሆኑ፣ ተመስገን። ግን ቢሮ ሻይ የምጠጣበትን ብርጭቆዬን በፌስታል ጠቅልለው ላኩልኝ። ሆድ ባሰኝ። የሚያናግረኝ የለም፤ ቢኖርም መልስ የለኝም።

ዘፈኖቹ ይመጣሉ። አልቀበልም። ብጽፍ ይጠፋል፤ ባይጠፋስ ምን ብዬ ልጽፍ? ቲቢ ይዞኛል? ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሰውም ስሙን ሲሰማ ወንበሩን ያርቃል። ሙሉጌታ "ዘኒ በሰለችና ናቀችን!" ብሎ ሳቀ፤ ለጨዋታ ነው፣ አንጀቴን ግን በላው። ሂባ የምትባል ፊልቱ ላይ ሽቶ የምትሸጥ ወጣት አዲስ ገብታ የመጀመሪያ ዘፈኗን ለቀቀች። ሁሉም ተቀበላት፣ ከእኔ በቀር። በማግስቱ ለብቻዬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "እትዬ ዘነበች፣ ዘፈኔን አልወደዱትም?" ወድጄው ነበር። ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ማልቀስም ድምፅ ያወጣል ብዬ ፈርቼ።

ከዚያ ስልኬ ጠራ። ኦቦ ጂሎ ናቸው። አነሳሁት።

"ናጋ ቡልቴ፣ ልጄ? ሰላም አደርሽ?"

ዝም።

"እየሰማሽ ነው?"

ዝም።

"ገባኝ። መናገር አቅቶሻል። እኛ አገር አንድ ሰው ሲያወራ ሰሚው ቶሎ ቶሎ ካልመለሰለት ወሬው አይሄድም። ስልኩን በጥፍርሽ ምቺው።"

መታሁት።

"ኤዬ! እንዲያ ነው!" አሉ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወለደችው ግመላቸው፣ ገበያ ላይ ስላታለላቸው ደላላ አወሩኝ፤ እኔም በየመሀሉ ጥፍሬን ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ። ምን እንደያዘኝ አልጠየቁኝም። ከሰው ጋር እንዲያ ከተጫወትኩ ስንት ጊዜዬ!

በሚቀጥለው እሑድ ባዶ ጀሪካን ጭኔ ላይ አድርጌ የሂባን አዝማች በመዳፌ መታሁና ላክሁት። ሙሉጌታ "ይሄ ከድምፅ ይቆጠራል እንዴ?" ሲል ኦቦ ጂሎ "ጀሪካን ድምፅ የለውም? ና እንግዲህ ዱብሉቅ መጥተህ ባዶውን ጣለውና ስማ!" ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ከበሮ ሆንኩ፤ ሙሉጌታ ራሱ የእኔን ጀሪካን ከሥር እያስገባ ኪቦርድ ይጫወትበት ጀመር፤ እኔም መድኃኒቴን ውጬ፣ ሆዴ እስኪረጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ ለእሑድ የሚሆን ምት ስፈልግ ቀኑ ያልፍልኝ ነበር። አክታዬ ነጻ ሆነ፣ ማስኩ ወለቀ፣ ቀስ በቀስ ምግብ ጣመኝ፣ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ፤ ቀሚሶቼም እንደገና ልክ ሆኑኝ።

ሐዋሳ በካሜራው በድጋሚ ታይቼ ስመለስ ሐኪሟ "በይ ስምሽን ንገሪኝ" አለችኝ። "ዘነበች" አልኩ። የወጣው ድምፅ ወፍራም ነው፤ አባቴን መሰለኝ። "ጠባሳ ቀርቷል። ላይኛው ድምፅ ላይመለስ ይችላል" አለች። ሳልፈልግ ሳቅኩ፤ መናገሬ ራሱ ገርሞኝ። ለግሩፑ ግን አልዘፈንኩም። ያ የሚወዱት ድምፅ የት ሄደ ቢሉኝ የምለው አልነበረኝም። ጀሪካኔን ይዤ ልኑር ብዬ ወሰንኩ።

መድኃኒቱን ከጨረስኩ በኋላ ሂባ አዲስ ዘፈን ለቀቀች። አዝማቹ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። መልሱ ጎረፈ። "ሂባ፣ በሰልሽ እኮ!"

ዘፈኑን ደጋግሜ ሰማሁት። በውስጥ መስመር ለእሷ ብቻ ልነግራት አሰብኩ፤ ግን ያመሰገኗትስ? ነገ ሌላዋን እንዲሁ ሊያመሰግኑ አይደል? ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። ጭንቅላቴን ቀሚሶቼ መሀል ከተትኩ። አዝማቿን በዚያ በወፍራሙ ድምፄ ዘፍኜ ተቀበልኳት፤ ላይኛው ቦታ ላይ መድረስ ስላልቻልኩ ከሥር አለፍኩት። ከዚያ ቀጠልኩ። "ሂባዬ፣ ዘፈንሽ ያምራል። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂና ተመርመሪ። እኔ በሰለ ሲሉኝ ቲቢ ነበረብኝ። ከእናንተ የጠፋሁት ለዚህ ነው።"

ማንም አልመለሰም። ልብስ አጠብኩ። አሰጣሁ። ስልኩን አየሁ። በቃ፣ እነዚህም ብርጭቆዬን ጠቅልለው ሰጡኝ አልኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦቦ ጂሎ አንድ ቅጂ ላኩ። ቃል የለውም። በዱላቸው ባልዲ ይመታሉ። ቀጥሎ ሙሉጌታ፣ በመቀሱ፤ የመስታወቱን ጠርዝ ይመስለኛል። ከዚያ ሌሎቹ፣ ማንኪያ ያለው በማንኪያ፣ በር ያለው በበር። እየተቀበሉኝ ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ አሁን መድኃኒቱ ላይ ያላችሁ፣ ለውጥ አየሁ ብላችሁ አታቋርጡ። ድምፃችሁ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ ራሳችሁ ከፋርማሲ መድኃኒት አትግዙ፤ ሐኪም ጋ ታዩ። ጓደኛ የሆናችሁ ደግሞ አመስግኑ፣ እኔ በምስጋናቸው ነው የኖርኩት፤ ግን ደህና ነሽ ወይ ማለትን አትርሱ። ሐኪሜን፣ ነርሷን፣ ከላም ያወዳደሩኝን ሰውዬ እግዜር ይስጥልኝ።

ሂባ ተመረመረች። "እትዬ ዘነበች፣ ጉንፋን ነው አሉኝ እኮ!" ብላ እየሳቀች ደወለችልኝ። እሰይ አልኳት። ያን ሁሉ ምስጢሬን ያወጣሁት ለጉንፋን ነው፤ ነገም ቢሆን አወጣዋለሁ።