ኮምባይነሩ የሚያልፍበት

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሐበሻ የሚፈራው ሌባ ነው። እኔ በዚያ ኅዳር የፈራሁት ደመና ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ የሱቄን ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጠው፣ ሆሳዕና አካባቢ ያለው የአባቴ ስንዴ የረጠበ ይመስለኝና ስልክ አነሳለሁ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያ ሰማይና ይህ ሰማይ አይተዋወቁም።

ስንዴው ደርሷል፣ የተከራየነው ኮምባይነር ግን አልመጣም። ማሽን መከራየት ከጀመርን ወዲህ፣ አልዋሽም፣ ምርታችን ጨምሯል። ትራክተሩ ቶሎ ያርሳል፤ ኮምባይነሩ ድሮ አውድማ ላይ ይባክን የነበረውን እህል ሳይቀር ይሰበስባል። እኛም ተማምነን በሬዎቻችንን ሸጥን። ሰፈርተኛው ተጠራርቶ የሚያጭድበት ደቦም ቀረ። አሁን አንድ ዶፍ ቢጥል የዓመት ቀለባችን እዚያው ማሳው ላይ መበስበሱ ነው።

በመጨረሻ ኮምባይነሩ መጣ ተባለ። ደስ ሊለኝ ሲል የአባቴ ድምፅ በስልኩ ቀዘቀዘብኝ።

“ምነው አባባ?”

“መግቢያ የለውም ልጄ። የእኛ ማሳ ከውስጥ ነው። መንገድ ዳር ያለው የጎረቤታችን ስንዴ ደግሞ ገና አረንጓዴ ነው።”

ኮምባይነር ለአንድ ገበሬ ብሎ አይመጣም። ደላላው የተያያዙ ማሳዎችን አሰባስቦ ነው የሚያስመጣው። ማን መቼ እንደዘራ ግን የጠየቀ አልነበረም። ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የትራክተሩ ተራ ከሁሉም በኋላ ስለደረሳቸው የዘሩትም ዘግይተው ነው።

“ሹፌሩስ ምን አለ?”

“ዛሬ ካልገባሁ ወደ ሌላ ቀበሌ እሄዳለሁ አለ።”

ስልኩ ተዘጋ። አንዲት ደንበኛ “ማይ ፍሬንድ፣ ብሬድ!” እያለች ፍርግርጉን ስትመታ በዳቦው ፈንታ ሳሙና አቀበልኳት። ስቃ መለሰችልኝ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። አባቴ ጋ ደጋግሜ ብደውል አያነሱም። ይሄኔ ኮምባይነሩ ሄዷል፣ ይሄኔ ዝናቡ ጀምሯል እያልኩ ራሴን ስበላ ዋልኩ።

ሊመሽ ሲል እሳቸው ደወሉ። ስንዴያችን ሳይረጥብ ገብቷል።

“በየት አለፈ?”

“በጎረቤታችን ማሳ። ማጭድ ይዛ ገባችና፣ ያን እሸት ለማሽኑ በሚበቃው ልክ አጨደችው። ‘ለከብት ይሆናል’ አለች።”

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። “እግዚአብሔር ይስጣቸው! የተረፋቸውስ መቼ ይታጨዳል?”

“ሲደርስ ነዋ።”

“ኮምባይነሩ ይመለሳል?”

“ለአንዲት ሴት ማሳ?” አሉ አባቴ። “ማን ይመለሳል ልጄ።”

“እሳቸውስ ይህን ያውቃሉ?”

“እንዴት አታውቅም? ማጭዱን ሳታነሳ በፊት ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት።”