ባለ ኤሊው ጣልያንና የታቦቱ ማደሪያ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደብረ ኤልያስ ባለው አገር ስሜን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንግዳ መሆን አለበት። ቢያድግልኝ እባላለሁ። የቆሎ ተማሪ አልነበርኩም፤ የአስኳላም ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ከሥዕሎቹ ሥር ከተጻፈው ነው። ጊዮርጊስን በፈረሱ አውቀዋለሁና «ጊ»ን ከእሱ ወሰድኩ። «ሚ»ን ከሚካኤል፣ «ገ»ን ከገብርኤል ለቀምኩ። ፊደልን ከሰማዕታትና ከመላእክት የተማረ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የተሰበረ አጥንት መጠገንም፣ በር መግጠምም ያስተማረኝ የለም። ሁሉንም ራሴ ለራሴ አስተማርኩ።

ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ቀጥሎ የምነግራችሁን ነገር «በአጋጣሚ የሆነ ነው» የሚሉ ስላሉ ነው። በየዓመቱ ከተራ በደረሰ ቁጥር እየሣቁ ያነሡብኛል፤ እኔም አልረሳውም፣ እነሱም አያስረሱኝም።

ጊዜው ጣልያን አገራችንን በያዘ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጣልያን በካሚዮን መጥቶ ከባሕራችን ዳር ሰፈረ። ባሕር የምንላት ከደብሩ ኮረብታ ሥር የተኛች ትንሽ ሐይቅ ናት። ሰውየው መንገድ የሚቀይስ ሹም ነበር። ካሚዮኑ ግን እንደ ሌሎቹ ካሚዮኖች አልነበረችም። በጀርባዋ ላይ የእንጨት ቤት ተሠርቶባታል፤ መስኮት አላት፣ በመስኮቱ ቀይ መጋረጃ፣ በጣሪያው የጭስ መውጫ። ሰውየው በውስጧ ይተኛል፣ በውስጧ ያበስላል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከባሕሩ ዳር ተቀምጦ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ዓሣ ያጠምዳል። ቤቱን አዝሎ የሚዞር ሰው አይተን ስለማናውቅ ካሚዮኗን «ኤሊ»፣ እሱን «ባለ ኤሊው» አልነው።

ችግሩ የቆመበት ቦታ ነው። ኤሊዋ ያረፈችው የታቦቱ ድንኳን በሚተከልበት ሜዳ መሃል ላይ ነበር። የቀረው የባሕሩ ዳር ሁሉ ረግረግ ነው። ታቦት ወርዶ የሚያድርበት ሌላ ደረቅ መሬት የለንም።

ሽማግሌዎች ሄደው በምልክት ለመኑት። እጃቸውን እንደ ድንኳን ገጥመው አሳዩት፤ እንደ ጃንጥላ ዘረጉለት። እሱ ዶሮ የሚሸጡ መስሎት «ዶሮዎቹ የታሉ?» በሚል ዓይነት ክንዱን እንደ ክንፍ እያርገበገበ ጠየቃቸው። ዶሮ እንደሌለ ሲያውቅ «ቪያ!» ብሎ አባረራቸው።

የጎበዝ አለቃችን ፈንቴ ይህን ሲሰማ ጎራዴውን ይዞ ተነሣ።

«ኤሊ አይደለች? ውኃ ትወዳለች። ገፍተን ባሕር ውስጥ እናስገባታለን!» ብሎ ማለ።

ጎበዞቹ ሁሉ «እናስገባታለን!» ብለው ማሉ።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ምሕረቴ፣ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ የጣልያን ወታደር ተገደለ ተብሎ የማዶው መንደር ሲቃጠል ጭሱን ሁላችን አይተናል። «ፈንቴ፣ አንተ ካሚዮን ትገፋለህ፤ እነሱ እሳት ይዘው ይመጣሉ። ሕፃናቱን የት ልታደርጋቸው ነው?» አሉት።

«ታዲያ ታቦቱ ከመንበሩ ሳይወጣ ይቅር?» አለ ፈንቴ።

ይኼኔ ብድግ አልኩ። «አባ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ» አልኩ።

እዚህ ላይ ጣልያንኛዬን ላስተዋውቃችሁ። በመንገዱ ሥራ ድንጋይ ስፈልጥ ሌላው ሰው ላቡን ሲጠርግ እኔ ቃል እለቅም ነበር። ዶማኒ ነገ ነው፤ ኩዪ እዚህ ነው፤ ዶርሚሬ መተኛት ነው፤ ቬኒሬ መምጣት ነው፤ ግራንዴ ትልቅ ነው። አሠሪያችንን ደግሞ «ሲኞሬ» ስንል እንውላለን፤ ጌታ ማለት ነው።

አለቃ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ቢሆንም ፈገግ አሉና «ስምህ ቢያድግልኝ ነው፤ ጣልያንኛህ ግን ገና ጡት አልጣለም» አሉኝ። ሕዝቡ ሣቀ። እኔ አልተቀየምኩም። የቅኔ ሰው ሳይነካህ አይመርቅህም።

ከከተራ አንድ ቀን ቀድሜ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ወረድኩ። ባለ ኤሊው በካናቴራ ሆኖ ዓሣ ይልጣል። እጅ ነሣሁና ሜዳውን እያሳየሁ፣ «ዶማኒ ግራንዴ ሲኞሬ ቬኒሬ። ኩዪ ዶርሚሬ» አልኩት። ነገ ታላቁ ጌታ ይመጣል፣ እዚህ ያድራል ማለቴ ነው። ታቦቱ የጌታ ማደሪያ አይደለም? አንዲት ቃል ውሸት አልጨመርኩም።

ሰውየው ቢላዋውን አስቀመጠ። «ግራንዴ ሲኞሬ?»

«ሞልቶ ግራንዴ!» አልኩ። እጅግ ታላቅ።

ከየት እንደሚመጣ በእጁ ጠየቀኝ። ወደ ኮረብታው አመለከትኩ። ደብሩ ያለው እዚያ ነው። የደብረ ማርቆስም መንገድ በዚያው በኩል ይመጣል።

ብቻውን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ቱቲ!» አልኩ፤ ሁሉም ከእሱ ጋር ነው። በባዶ እጄ ጥሩምባ ነፋሁለት፤ ከበሮ መታሁለት፤ ጃንጥላ ዘረጋሁለት።

ባለ ኤሊው ፊቱ ነጣ። ካናቴራውን ወደ ታች ጎተተና ተነሥቶ ቀጥ አለ። ይኼኔ ምን እንደገባው ገባኝ። ከደብረ ማርቆስ የጣልያኑ ጄኔራል ሊመጣ ነው ብሎ ነው! እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለትም ቋንቋ ነው፤ እሱንም ራሴ ነኝ የተማርኩት።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ብነግራችሁ አታምኑም። ጺሙን ተላጨ። ሜዳውን በቅጠል ጠረገ፤ የከብቱን እበት በአካፋ አወጣ። ድንጋይ ሰብስቦ ኖራ ቀባና ከኮረብታው ሥር እስከ ባሕሩ ግራና ቀኝ ደረደረ። ካሚዮኗን አንሥቶ ወደ ዳገቱ ሊያወጣ ሲል ግን ሞተሯ እንቢ አለ። እኔን ፈልጎ «አዩቶ! አዩቶ!» አለ፤ እርዳታ ማለት ነው። እኔም ፈንቴንና ጎበዞቹን ጠራሁ።

ወደ ባሕር እንገፋታለን ብለው የማሉት ወደ ዳገት ገፏት። ፈንቴ ትከሻውን ከኋላዋ ደግፎ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ «ቢያድግልኝ፣ ሰው እንዲህ መሐላ ያስፈርሳል?» አለኝ።

«መግፋቱን ነው የማልከው፤ ግፋ!» አልኩት።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ታቦቱ ወረደ። በነጭ ድንጋዮቹ መካከል፣ በተጠረገው ሜዳ ላይ፣ እንደዚያ ያማረ ከተራ ከዚያ በፊት አልነበረንም። ባለ ኤሊው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሜዳሊያውን ደርድሮ፣ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። መለከቱ ሲነፋ ሰላምታ ሰጠ። ጃንጥላዎቹ አለፉ፣ ታቦቱ አለፈ፣ ሕዝቡ አለፈ። እሱ እጁን ከግንባሩ አላወረደም። ሴቶቹ ጠላት ለታቦታችን እጅ ነሣ ብለው እልልታውን አቀለጡት።

ታቦቱ ድንኳን ከገባ በኋላ በጣቱ ጠራኝ። ዳገቱ ላይ ካሚዮን አለ፤ በወገቡ ሽጉጥ አለ፤ ከጀርባዬ መንደሩ አለ።

«ሲኞሬ?» አለኝ። የታለ ማለቱ ነው።

ወደ ድንኳኑ አመለከትኩ። «ሲኞሬ» አልኩት።

ድንኳኑን አየ። ባዶውን መንገድ አየ። እኔን አየ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። በዚያው ሰዓት አንዲት አሮጊት በሕዝቡ መሃል አቋርጠው መጡና ጉልበቱን ሳሙ። «ልጄ፣ ያከበርኸው ያክብርህ፤ እናትህ አገር በሰላም ያግባህ» አሉት።

ቃሉን አላወቀውም። ድምፁን ግን አወቀ መሰለኝ፣ እጁን ከወገቡ አነሣ። ከዚያ ቆቡን አወለቀና በእነሱ ሥርዓት አማተበ። ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን እያወዛወዘ «ፉርቦ!» አለኝና እየሣቀ ወደ ኤሊው ወጣ። እስከ ጥምቀት ማግሥት ከመስኮቱ ላይ ዝማሬውን ሲሰማ ሰነበተ፤ ሞተሯ ሲድን ሄደ።

ፉርቦ ማለት ሊቅ ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሁሉ ነገርኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ አሥመራ የኖረ ሰው ትርጉሙ «ተንኮለኛ፣ ብልጥ» ነው አለኝ። ልዩነቱ አልታየኝም።

አለቃ ምሕረቴ እስኪያርፉ ድረስ «እውነት አውቀህ ነው ወይስ ቀንቶህ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። «አባ፣ ሰምና ወርቅ የእርስዎ ብቻ ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ። «እሺ፣ ሰሙን ጣልያን ወሰደ፤ ወርቁ ለኛ ቀረ» ይላሉ። ከቅኔ ሰው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

አሁን አርጅቻለሁ። ኖራ ከተቀቡት ድንጋዮች ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ፤ ልጆች ይቀመጡባቸዋል። እኔም ከተራ ሲደርስ እዚያው ተቀምጬ በልቤ እቆጥራለሁ፦ ጥይት ሳይተኮስ ሰፈር አስነሣሁ፤ ለጠላት መኮንን መጥረጊያ አስያዝኩ፤ ፈንቴን መሐላውን ሳያፈርስ አስገፋሁ፤ መንደሬን ከእሳት አዳንኩ፤ አንዲት ውሸት ሳልናገር ታቦቴን በማደሪያው አሳደርኩ፤ ይህንንም ሁሉ ያደረግሁት ጡት ባልጣለ ጣልያንኛ ነው።