የአምባው ትከሻ

አምባው ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ይጽፍ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ አንድ ዛፍ ስር፣ ሁለታችንም ማመልከቻና ውል እየጻፍን እንኖር ነበር። ከመሰላና ከቦኬ ገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ እኔን አልፎ እሱ ዘንድ ይሰለፋል፤ እኔ አጥናፉ ዝንብ ሳባርር እውላለሁ። ዳኞቹ ሳይቀሩ ፊደሉን ከሩቅ ይለዩታል።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ቀኝ ትከሻውን ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ወጌሻ ቢያሸው ባሰበት፤ ክንዱ ከጎኑ አልላቀቅ አለ። ጣቶቹ ምንም አልሆኑም፣ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ግን ጽሕፈት የጣት ሥራ ብቻ የሚመስለው ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። ክንድ አብሮ ካልሄደ ጣት ይደናበራል፤ ብዕሩን አንቆ ይይዛል፣ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል። የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ እንኳ አቃተው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት።

"ለማንም እንዳትናገር፣ እንጀራዬ ነው" አለኝ።

ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ወረቀቱን በግራ እጁ እየጎተተ መጻፍ ጀመረ። ፊደሉ ያው ነበር፤ ፍጥነቱ ግን ጠፋ። የቸኮለ ባለጉዳይ ወደ እኔ ዞረ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

በዓመቱ የሞሚና ክስ መጣ። ሞሚና ባሏ የሞተባት የመሰላ ሴት ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ከባላምባራስ ገብሬ ጥቂት የቡና መሬት ስትገዛ ውሉን የጻፈውና የፈረመበት አምባው ነው። ባላምባራስም ምስክሮቹም ሞቱ። የባላምባራስ ልጅ መኮንን "አባቴ አልሸጠም፣ ውሉ የሐሰት ነው" ብሎ ከሰሳት። የቀራት ምስክር አምባው ብቻ ነበር። ዳኛው "የጻፍከው አንተ ከሆንክ እዚሁ ፊታችን ጻፍ፣ እናመሳክራለን" አሉት።

ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ቆሞ እንዲጽፍ ታዘዘ።

"ጌታዬ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ልጻፍ።"

"ችሎት ነው፣ ገበያ አይደለም!" አሉት ዳኛው።

ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ፊቱ አመድ መሰለ። የጻፈው መስመር ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሞነጫጨረው ሆነ።

"ትከሻዬን አሞኝ ነው" አለ።

የመኮንን ጠበቃ ሳቀ። "በየቀኑ በር ላይ ሲጽፍ እናየው የለም? ዛሬ ነው ያመመው?"

ሞሚና ከኋላ ጮኸች። "አምባው፣ አንተ ጻፍክ! ወላሂ በዓይኔ አየሁ! ንገራቸው!"

ዳኛው "ሕመሙን የሚያውቅ ሰው አለ?" ብለው ችሎቱን ቃኙ። አምባው ወደ እኔ ዞረ። ያን ዕለት ጠዋት የቆለፍኩለት ቁልፍ ደረቱ ላይ ይታየኛል። አልተነሳሁም። 'እንዳትናገር ብሎኛል' ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን፣ ሐሰተኛ ጸሐፊ ከተባለ ባለጉዳዩ ሁሉ የእኔ እንደሚሆን አስቤ ነው። ሆነም።

ሞሚና መሬቷን ተነጠቀች። ሚኤሶ ወርዳ ባቡር ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ ውሃ ትሸጣለች ሲባል ሰማሁ። አምባው በተግሣጽ ተለቀቀ፤ ከዛፉ ስር ግን አልጠፋም፣ ባዶ ወረቀት ይዞ ይውላል። በታመመ በሁለተኛው ዓመት ያ በሽታ እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ለቀቀው። እጁ እንደ ድሮው ሆነ። ማንም ግን አላስጻፈውም።

አንድ ቀን መኮንን መጣ። ያንኑ መሬት ሊሸጥ ኖሮ ውል ፈለገ። እኔ ዘንድ ሰልፉ ቢረዝምበት አምባው ፊት ቆመ። አምባው ቀና ብሎ አየው፤ ብዕሩን አላነሳም። ቀኝ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ወደ እኔ አመለከተ።

"እሱ ይጻፍልህ። የእሱ እጅ አንድም ቀን አሞት አያውቅም።"

ጻፍኩለት።