በሁዳዴ ቅቤ የጠጣ ዋሽንት

በወንድሜ ሠርግ ላይ ዋሽንት እነፋለሁ ብዬ በሙሽሪት ቤተሰቦች ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። የቀረኝ ትንሽ ነገር ቢኖር ዋሽንት መግዛትና መንፋት መማር ብቻ ነው። ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል። ሁዳዴ ሲጋመስ ጭንቀት እንቅልፍ ቢነሳኝ፣ ከሞላሌ ገበያ አንድ ርካሽ፣ የተሰነጠቀ ዋሽንት ገዛሁ። ስንጥቁን በሰም ደፈንኩ፣ በክር ጠመጠምኩ፣ ድርቀቱ እንዲለቀው ደህና አድርጌ ቅቤ አጠጣሁት። ድምፅ አወጣ!

ደስታዬን ሳልጨርስ የነፍስ አባቴ በደጄ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አንተ! ይሄ የምን ሽታ ነው?»

«የዋሽንቱ ነው አባ። ትንሽ ቅቤ ቀብቼው...»

«በሁዳዴ ከንፈርህን ቅቤ ታስነካለህ? ወዲህ በል! እስከ ፋሲካ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ወሰዱት። እኔም ጣቶቼን በመጥረጊያ እጀታ ላይ እያለማመድኩ፣ ከጓዳ ሳሎን ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አላስችል ቢለኝ ልለምናቸው ሄድኩ። ገና በራቸው ላይ ስደርስ ደስ የሚል ዜማ ሰማሁ። ብገባ፣ አባ ዋሽንቱን በአንዱ አፍንጫቸው ይነፋሉ።

«አባ!»

«ምን ያስፈጥጥሃል? ቅቤ የተከለከለው ለአፍ ነው» አሉ ሳያፍሩ። «ና ተቀመጥ፣ ላስተምርህ። መጀመሪያ ግን ተናፈጥ።»

በሠርጉ ዕለት ጾሙ ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሥጋውን ሲበላ፣ ተነስቼ ዋሽንቱን በአፌ ሞከርኩት። አባ ያስተማሩኝ በአፍንጫ ብቻ ነውና ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ዳሱ ይጠብቀኛል። ሌላ መላ አልነበረኝምና ወደ አፍንጫዬ ከፍ ሳደርገው፣ የሙሽሪት አባት የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።